ደራሽ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ዝናቡን ከወንዙ መልሶ ማስላት

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ደቻቱ ድሬዳዋን ጥሶ አለፈ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ቀዚራንና መጋላን የሚለየው ያ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃው የመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው ደጋ ነበር። እንዲህ ካለ ሌሊት በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ለመሆኑ ምን ያህል ቢዘንብ ነው?

ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ይህን ቁጥር ይፈልገዋል። የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚያቅድ ባለሙያም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪም እንደዚሁ። ችግሩ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የትም አልተመዘገበም። የተለመደው የዝናብ መለኪያ አፉ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ደራሽ ጎርፍ የሚያወርድ ዶፍ ደግሞ እምብርቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከጋራው ወዲህ፣ ዶፉ ከጋራው ወዲያ ይሆንና ጣቢያው 8 ሚሊ ሜትር መዝግቦ ቁጭ ይላል።

ወንዙ ግን አያመልጠውም። በተፋሰሱ ላይ የወረደው ውሃ፣ መሬት ከጠጣው በቀር፣ ተሰብስቦ በአንድ በር ይወጣል። ስለዚህ ከወጣው ውሃ ተነስተን ወደ ወረደው ዝናብ ወደ ኋላ መሄድ እንችላለን። ሥራው ከባድ ሒሳብ የለውም። አንድ የስሌት ሠንጠረዥና ትንሽ ተጠራጣሪነት ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ይህ ዘዴ ለትንሽ ዝናብ ደካማ ነው። ዶፉ በበረታ ቁጥር ግን መልሱ ይጠራል። ምክንያቱን በቁጥር እናየዋለን።

1. ሰዓቱን አስተካክሉ

አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የሳተላይት የዝናብ መረጃ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚመጣው። የአገራችን ሰዓት (የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት) ከዚያ 3 ሰዓት ይቀድማል። በዚያ ላይ የአገሬው ሰው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል» ሲላችሁ በፈረንጅ ሰዓት 2 ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው። ይህ በሳተላይቱ ፋይል ውስጥ በቀደመው ቀን 23፡30 ላይ ይገኛል። ቀኑ ራሱ ተቀየረ ማለት ነው።

የዕለት ዝናብ ደግሞ አገራችን ውስጥ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ትናንት ማታ የዘነበው በዛሬው ቀን ሊመዘገብ ይችላል። ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓት ቀይሩና በሠንጠረዡ ራስ ላይ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። የፈለጋችሁት ይሁን፤ ብቻ አንድ ይሁን።

2. የፍሰት መረጃውን ያዙ፣ ግን ወዲያው አትመኑት

የሚያስፈልጋችሁ ወንዙ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ምን ያህል ውሃ እንዳሳለፈ ነው። ይህ ዝርዝር ሃይድሮግራፍ ይባላል። አውቶማቲክ መመዝገቢያ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። በብዙ ወንዞቻችን ላይ ግን አንድ ጠባቂ መለኪያ ዘንጉን በቀን ሁለቴ ያነባል፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት። ደራሽ ጎርፍ በሁለቱ መሃል መጥቶ ሊሄድ ይችላል። ንባቡ ትክክል ነው፤ ጎርፉ ግን ውስጡ የለም።

አውቶማቲኩም ቢሆን ሁለት ቦታ ያታልላል። አንደኛ፣ በጎርፉ ጫፍ ላይ መሣሪያው ራሱ ይወሰዳል ወይም በደለል ይደፈናል። መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ድንገት ጠፍጣፋ ከሆነ ጠርጥሩ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚለካው የውሃውን ከፍታ እንጂ ፍሰቱን አይደለም። ከፍታውን ወደ ፍሰት የሚቀይረው ሬቲንግ ከርቭ የሚባለው መስመር ነው። ያ መስመር የተሠራው ሰው ወንዝ ውስጥ ገብቶ መለካት በሚችልባቸው ቀናት ነው። በጎርፍ ቀን ማንም አይገባም። ስለዚህ ጣቢያውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ስልክ ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚህ ጣቢያ በእውነት የተለካው ከፍተኛው ፍሰት ስንት ነው? መልሱ 40 ሜትር ኩብ በሰከንድ ከሆነና ሃይድሮግራፉ 310 ካሳየ፣ ያ 310 ግምት ነው።

ከላይ ግድብ ወይም ኩሬ ካለ ሳትጠቀሙበት አትለፉ። የሐይቁ ከፍታ ከጎርፉ በፊትና በኋላ ከታወቀ፣ የገባውን ውሃ መጠን በቀጥታ ታገኛላችሁ። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው መለኪያ ይህ ነው። እርግጥ የተለቀቀና በማስተንፈሻ የፈሰሰ ካለ እሱን ደምሩበት።

3. ጣቢያ ከሌለ ወይም ካልታመነ፣ ምልክቱን ፍለጋ ውረዱ

ይህን ደረጃ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። የጎርፍ ምልክት በሚቀጥለው ዝናብ ይጠፋል። በሳምንቱ ውስጥ መድረስ ጥሩ ነው።

የምትፈልጉት ውሃው የደረሰበትን ከፍተኛ መስመር ነው። ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ ዳገት ላይ ተደርድሮ የቀረ ቅርንጫፍ። በቀለም ምልክት አድርጉበት። ሜትር አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱት። በሁለቱም ዳርቻ ፈልጉ፤ ምክንያቱም ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ የውጪው ዳር ከፍ ይላል። ዛፍ ግንድ ላይ ውሃው የሚጋጭበት ፊትም ከእውነተኛው ከፍ ያለ ምልክት ይይዛል።

ቀጥ ያለ የወንዝ ክፍል ምረጡ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ለኩ። የውሃውን ተዳፋት ከምልክቶቹ አውጡ። ከዚያ የማኒንግን ቀመር ተጠቀሙ፦

ፍሰት = የቁራጩ ስፋት በካሬ ሜትር × (ሃይድሮሊክ ራዲየስ) በ⅔ ኃይል × √ተዳፋት ÷ የሻካራነት ቁጥር

ቁራጩ ማለት ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጦ ቢታይ ውሃው የሚይዘው ቦታ ነው። ሃይድሮሊክ ራዲየስ ማለት የቁራጩ ስፋት ውሃው ለሚነካው ዙሪያ ሲካፈል ነው። የሻካራነት ቁጥር የወንዙ ሆድ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ይገልጻል። ምሳሌ እንውሰድ። ወንዙ 40 ሜትር ሰፊ፣ 2 ሜትር ጥልቅ ነው እንበል። ቁራጩ 80 ካሬ ሜትር፣ ውሃ የሚነካው ዙሪያ 44 ሜትር፣ ራዲየሱ 1.82 ሜትር ይሆናል። ተዳፋቱ 0.01 ይሁን። የሻካራነት ቁጥሩን 0.045 ካልን ፍሰቱ 265 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይወጣል። 0.030 ካልን 397። 0.060 ካልን 199። ያው ወንዝ፣ ያው ምልክት፤ ልዩነቱ ግን እጥፍ ያህል።

እንዴት ትመርጣላችሁ? የውሃውን ፍጥነት ከጥልቀቱ ጋር የሚያነጻጽረው የፍሩድ ቁጥር ይረዳችኋል። ፍጥነቱን ለ√(9.81 × ጥልቀት) አካፍሉት። በ0.045 ፍጥነቱ 3.3 ሜትር በሰከንድ፣ የፍሩድ ቁጥሩ 0.75 ነው። በ0.030 ግን 1.12 ይሆናል። ድንጋያማና ተዳፋታማ ወንዝ ረዘም ላለ ርቀት ከ1 በላይ ሆኖ አይቆይም። ስለዚህ 0.030 ለእንዲህ ያለ ወንዝ በጣም ልስልስ ነው። ጎርፍን የማጋነን ልማድ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ቁጥር ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ። ትላልቅ ድንጋይ፣ ጠጠርና ጭቃ ሳይለያይ ተደባልቆ ተከምሮ ካገኛችሁ፣ ያለፈው ውሃ ላይሆን ይችላል፤ የጭቃና የድንጋይ ናዳ ነው። የማኒንግ ቀመር ለእሱ አይሠራም። ሌላ ቦታ ፈልጉ። ውሃ ቢሆንም እንኳ በደለል ከወፈረ የለካችሁት ሁሉ ውሃ አይደለም። ከመጠኑ አንድ አምስተኛው ደለል ነበር ካላችሁ፣ ያን ያህል ቀንሱ።

በዚህ መንገድ የምታገኙት የጎርፉን ጫፍ ብቻ ነው። ጠቅላላ መጠኑን ለማወቅ ጎርፉ መቼ እንደጀመረ፣ መቼ ጫፍ እንደደረሰና መቼ እንደጎደለ ከነዋሪው ጠይቁ። ሰው ሜትር ኩብ አያስታውስም፤ «አዛን ሲባል ድልድዩን አልፎ ነበር» ብሎ ግን በደንብ ያስታውሳል።

4. መጠኑን ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሩ

አሁን ሒሳቡ። ለማሳያ ያህል የፈጠርኩት ተፋሰስ 60 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በየ30 ደቂቃው የነበረው ፍሰት በሜትር ኩብ በሰከንድ ይህን ይመስላል፦

0፣ 20፣ 160፣ 310፣ 220፣ 120፣ 60፣ 25፣ 10፣ 0

ወንዙ ከጎርፉ በፊትም ውሃ ከነበረው፣ ያን መነሻ ፍሰት ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ቀንሱ። እንደ ደቻቱ ያለ ደረቅ ወንዝ ከሆነ የሚቀነስ የለም። ድምሩ 925 ነው። በ1800 ሰከንድ አባዙት፤ 1,665,000 ሜትር ኩብ። ለ60 ሚሊዮን ካሬ ሜትር አካፍሉት፤ 0.02775 ሜትር። ይህ ማለት 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ከተፋሰሱ ወጥቷል።

ጫፉን ብቻ ይዘው ወደ ዝናብ የሚሮጡ አሉ። አይሆንም። ጫፉ ስለ ዝናቡ ፍጥነትና ስለ ተፋሰሱ ቅርጽ ይናገራል። ስለ ዝናቡ መጠን የሚናገረው ጠቅላላው ውሃ ነው።

የተፋሰሱን ወሰን ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም፣ ኤስአርቲኤም ከተባለው የ30 ሜትር የከፍታ ካርታ ማውጣት ይቻላል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሜዳ ላይ ግን መንገድና ቦይ ውሃውን ስለሚያዞሩ በዓይን አረጋግጡ።

5. መሬት የጠጣውን መልሱ

የችግሩ ሁሉ እናት ይህች ደረጃ ናት። 28 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። ምን ያህል ሰረገ?

ቀላሉ መንገድ የአሜሪካው የግብርና መሥሪያ ቤት ያወጣው ከርቭ ነምበር ነው። ከ100 በታች የሆነ ቁጥር ነው። ከፍ ሲል መሬቱ ብዙ አይጠጣም፤ ዝቅ ሲል ብዙ ይጠጣል። መጀመሪያ መሬቱ ውሃ የመያዝ አቅሙን፣ ማቆር የምንለውን፣ አስሉ፦

ማቆር = 25400 ÷ ከርቭ ነምበር − 254

ብዙ ጊዜ ቀመሩ ከዝናብ ወደ ጎርፍ ነው የሚሄደው። ስንገለብጠው እንዲህ ይሆናል፦

ዝናብ = 0.2 × ማቆር + ½ × [ጎርፍ + √(ጎርፍ² + 4 × ጎርፍ × ማቆር)]

ሁሉም በሚሊ ሜትር ነው። በ27.75 ሚሊ ሜትር ጎርፍ፣ ከርቭ ነምበሩ 80 ቢሆን ዝናቡ 71 ሚሊ ሜትር ይወጣል። 88 ቢሆን 55። 70 ቢሆን 92። ስለ አፈሩ ባለን ጥርጣሬ ብቻ መልሱ ከ55 እስከ 92 ዋለለ። ፍሰቱን ራሱ በ25 በመቶ ብንሳሳት ግን፣ በ80 ከርቭ ነምበር፣ መልሱ ከ61 እስከ 80 ነው። ስለዚህ ድካማችሁን አፈሩ ላይ አውሉት። ከጎርፉ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ዘንቦ ነበር? መሬቱ የታረሰ ነው ወይስ የተረገጠ ግጦሽ? ድንጋዩ ገጥጦ የወጣ ዳገት ምን ያህል ነው?

አሁን ቅድም ወደ ተናገርኩት ልምጣ። ያው ተፋሰስ 28 ሳይሆን 200 ሚሊ ሜትር ጎርፍ አወጣ እንበል። በ88 ዝናቡ 237 ይሆናል፤ በ80 263፤ በ70 300። አሁን ልዩነቱ ከመሃሉ ወደ ላይም ወደ ታችም 12 በመቶ ገደማ ነው። ቅድም ከ20 በመቶ በላይ ነበር። መሬት የሚጠጣው ገደብ አለው። ከዚያ በላይ የወረደው ሁሉ ወንዝ ይገባል።

ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ከሆነ የወንዙም ሆድ ይጠጣል። በአሪዞና የሚገኘው ዋልነት ጋልች የሚባለው የምርምር ተፋሰስ፣ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ይህን ነገር ለአሥርት ዓመታት ሲለኩበት የኖረ ቦታ ነው። እናንተም ቀለል አድርጋችሁ መገመት ትችላላችሁ። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ስፋት ያለው አሸዋ 100 ሚሊ ሜትር ከጠጣ፣ 40,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከ1,665,000 ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጎርፉ 100,000 ሜትር ኩብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ትልቅ ጉድለት ነው። እዚህም ትልቁ ጎርፍ ይቀለናል።

6. ዝናቡ የት እንደወረደ ጠይቁ

71 ሚሊ ሜትር ያልነው ዝናቡ በ60ውም ካሬ ኪሎ ሜትር እኩል ከወረደ ነው። ዶፍ እኩል አይወርድም። በግማሹ ላይ ብቻ ዘንቦ ከሆነ፣ በዚያ ግማሽ የወጣው ጎርፍ 55.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ80 ከርቭ ነምበር ዝናቡ 106 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ድልድይ ለሚነድፍ ሰው በ71ና በ106 መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

በኮሎራዶ የቢግ ቶምሰን ሸለቆ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1976 የደረሰው ጎርፍ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። 144 ሰዎች ሞቱ። በሸለቆው አፍ ላይ ጫፉ 880 ሜትር ኩብ በሰከንድ ገደማ ደረሰ። ከኢስቴስ ፓርክ ከተማ በላይ ያለው ሰፊ ተፋሰስ ግን ለዚያ ጎርፍ ያዋጣው ጥቂት ነው። ዋናው ዶፍ፣ በአንዳንድ ቦታ 300 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የወረደው ከኢስቴስ ፓርክ በታች ባለው ክፍል ነበር። ጠቅላላውን ስፋት ይዞ ያካፈለ ሰው ዝናቡን ከእውነቱ በጣም አሳንሶ ያወጣዋል።

እናንተ ዘንድ እንዴት ታውቃላችሁ? ወደ ላይ ውጡና ገባሮቹን አንድ በአንድ እዩ። የትኛው ገባር ታርሶ ጠጠሩ ወጥቷል? የትኛው ሣሩ እንኳ አልተኛም? በየገባሩ መጋጠሚያ ላይ ምልክት ለክታችሁ ጫፉን በየራሱ አስሉ። ያልጎረፈውን ገባር ከስፋቱ ላይ አውጡት።

7. ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ገምቱ

የሃይድሮግራፍን ቅርጽ በሒሳብ ወደ ዝናብ መፍታት ይቻላል። መጽሐፍ ላይ ያምራል። በተግባር ግን ፍሰቱ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት ትባዛና ከዜሮ በታች የሆነ ዝናብ ታወጣላችሁ። እኔ የምመክረው ሌላውን መንገድ ነው። ዝናቡን ገምቱ፣ በሞዴል ወደ ጎርፍ ቀይሩት፣ ከታየው ጋር አነጻጽሩ፣ ግምቱን አስተካክሉ። ኤችኢሲ-ኤችኤምኤስ የተባለው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ለዚህ ይበቃል።

71ዱን ሚሊ ሜትር በሦስት መልክ ሞክሩ፦ መጀመሪያ ላይ የከበደ፣ መሃል ላይ የከበደ፣ መጨረሻ ላይ የከበደ። በ1 ሰዓትም በ3 ሰዓትም በትኑት። ጫፉንና የአወጣጡን ፍጥነት አንድ ላይ የሚገጥመውን ያዙ። ሁለት ሦስት መልክ እኩል ከገጠመ፣ ሁሉንም ጻፉ።

ውሃው ከሩቁ ጫፍ እስከ መውጫው የሚፈጅበትን ጊዜ አስቀድማችሁ እወቁ። የኪርፒች ቀመር ለመነሻ ይሆናል፦ በደቂቃ 0.0195 × የወንዙ ርዝመት በሜትር በ0.77 ኃይል ÷ ተዳፋት በ0.385 ኃይል። ለ12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ለ0.05 ተዳፋት 85 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። ቀመሩ በቴነሲ ትንንሽ የእርሻ ተፋሰሶች ላይ የተሠራ ስለሆነ ከሃይድሮግራፋችሁ ጋር አስተያዩት። በምሳሌያችን ጎርፉ በ90 ደቂቃ ጫፍ ስለደረሰ አይቃረንም። ግን ከዚህ ጊዜ በጣም ያነሰ ነገር ወንዙ አይነግራችሁም። በ85 ደቂቃ ተፋሰስ ላይ «በ5 ደቂቃ ይህን ያህል ወረደ» የሚል ሪፖርት ካያችሁ አትመኑ።

8. በሌላ ምስክር ፈትኑት

ክዳን አልባ ዕቃ ፈልጉ። በዶፉ ሌሊት ደጅ ያደረ ባልዲ ወይም በርሜል። ጎኑ ቀጥ ያለ ይሁን። ባዶ እንደነበር፣ ከጣሪያ እንዳልፈሰሰበት፣ ሞልቶ እንዳልተረፈ ጠይቁ። ሞልቶ ከተረፈ ቁጥሩ «ቢያንስ» ነው። እንዲህ ያሉ ጥቂት ዕቃዎች አንድ ሩቅ የዝናብ ጣቢያ ከሚሰጠው የበለጠ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

አይመርግ የሚባለው የሳተላይት መረጃ በየግማሽ ሰዓቱ ይገኛል። አንዱ ነጥቡ ግን 10 ኪሎ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ምሳሌ ተፋሰስ በሙሉ አንድ ነጥብ አይሞላም። ስለዚህ ሰዓቱን ለማወቅ ተጠቀሙበት፣ መጠኑን አትውሰዱ።

በመጨረሻም የዓለምን ጣሪያ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1947 በሚዙሪ ሆልት በምትባል ቦታ በ42 ደቂቃ 305 ሚሊ ሜትር ዘንቧል፤ ለዚያ ጊዜ ርዝመት በዓለም የተመዘገበ ክብረ ወሰን ነው። ስሌታችሁ በአንድ ሰዓት 400 ካወጣ፣ ክብረ ወሰን ሰበርኩ ከማለታችሁ በፊት ወደ ሻካራነት ቁጥሩ ተመለሱ።

9. ጽፋችሁ አስቀምጡ

አንድ ቁጥር አትጻፉ። እንዲህ ይሁን፦ «የተፋሰሱ አማካይ ዝናብ 71 ሚሊ ሜትር፤ እንደ አፈሩ ግምት ከ55 እስከ 92። ዶፉ በግማሹ ብቻ ከነበረ እምብርቱ 106 ገደማ። በጣም ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የወረደ።» ከሥሩ የወሰዳችሁትን ስፋት፣ የሻካራነት ቁጥርና ከርቭ ነምበር ዘርዝሩ። ፎቶዎቹን ከነቦታቸው፣ የምልክቶቹን ከፍታና የነዋሪዎቹን ሰዓት ለብቻ ፋይል አድርጉ። ቅጂውን ለሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ስጡ። ከዓመታት በኋላ ሬቲንግ ከርቩን የሚያስተካክል ሰው የእናንተን 71 ላይፈልገው ይችላል፤ የግድግዳውን የጭቃ መስመር ከፍታ ግን ይፈልገዋል።